እጄ ኪሴ ውስጥ

የእናቴ አርባ በወጣ ማግስት ቅኔ ያስተማሩኝ የኔታ ሊያጽናኑኝ መጥተው «አንተ ልጅ፣ እናትህን ጣዖት አደረግሃት» አሉኝ። ሐዘንተኛ እንዲህ ይባላል? ቂሙ እስካሁን አልለቀቀኝም። ቃላቸውን ግን እንደ ስድብ ጥዬው ማለፍ አልቻልኩም። በቀደመው እሑድ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ቅዳሴ ቆሜ ነበር። ካህኑ ልባችንን ከፍ እንድናደርግ ሲያዝዝ በእግዚአብሔር ዘንድ ነው ብዬ ከሕዝቡ ጋር መለስኩ። ልቤ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ አለ፤ ስልኬ ውስጥ የእናቴ ድምፅ። «የኔ ጌታ፣ እህል ቀመስክ?» ትላለች፤ ከኋላዋ ዶሮ ይጮኻል፤ ከዚያ ይቋረጣል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የያዘኝ የስልኩ ወሬ መስሎኝ ነበርና ተገላገልኩ አልኩ። ወሬው ቀረ፤ እጄ ግን ከኪሴ አልወጣም።

የኔታን የምወቅሰው በዚያ ቃል ብቻ አይደለም። በልጅነቴ፣ ደበሎ ለብሼ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ቁራሽ በምለምንበት ዘመን፣ ጣዖት ምንድን ነው ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። የተጠረበ ድንጋይ ነው፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የተዋጋው፣ ደስክ የተባለው ባዕድ አምልኮ ነው ብለው ዝም አሰኙኝ። ቅኔ ላይ ሰሙን ገፍተን ወርቁን እንድንፈልግ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስጨንቁን ሰው፣ ጣዖት ላይ ሲደርሱ ሰሙ ላይ ቆሙ። ወርቁን ለእናቴ ሞት አቆዩት።

ልብ የተገዛለት ሁሉ ጣዖት መሆኑን አልክድም። ወንጌል ለሁለት ጌቶች መገዛት አይቻልም ሲል ሁለተኛው ጌታ ገንዘብ እንጂ ድንጋይ አይደለም። ገንዘብ፣ ሹመት፣ ዘር፣ ስልክ፤ ይህ ግልጽ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። በፍጹም ልብ ማምለክ ለሌላ ፍቅር ቦታ አለመተው ከሆነ፣ ከዘርዓ ያዕቆብ የበለጠ አምላኪ ከየት ይመጣል? በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣዖት አመለኩ የተባሉ የገዛ ልጆቹን ሳይቀር አስገርፏል፤ ከግርፋቱ የሞቱም አሉ። የልጁን ጩኸት ሰምቶ የጸና ልብ ሙሉ ነው ወይስ ጎዶሎ? እኔ ጎዶሎ ነው እላለሁ። አብርሃምስ ይስሐቅን ሊሠዋ አልወጣም ወይ ቢሉኝ፣ ወጥቷል፤ ቢላዋውን ግን እግዚአብሔር ራሱ በመልአኩ አስቆመው። ጌታም ለአልዓዛር አልቅሷል። መስቀል ላይ ሆኖ እናቱን ያሰበ አምላክ እኔ እናቴን ባስብ ይቀናብኛል? አይመስለኝም።

ይህን ያሰብኩት እውነት ስለሆነ ይሁን ስለሚመቸኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። እርሱ እናቱን ለዮሐንስ አደራ ሰጠ። እኔ እናቴን ለማንም አደራ አልሰጠሁም፤ ለእርሱም ጭምር።

አሁን እሑድ ሲነጋ ስልኩን በነጠላዋ ጠቅልዬ ቤት ትቼው ቅዳሴ እሄዳለሁ። የኔታ ልክ ናቸው ማለቴ አይደለም። ልቤ ሙሉውን መጥቷል አልልም፤ እጄ ግን ኪሴ ውስጥ የለም። ድምጿን አላጠፋሁትም፤ አላጠፋውምም።