ንስሐና እርቅ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንስሐ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። ምእመኑ ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፤ ካህኑ እንደ በደሉ ክብደት ጾም፣ ስግደት ወይም ምጽዋት ቀኖና ይሰጠዋል፤ ሲፈጽምም ይፈታዋል። ነገሩ ግን በተናዛዡና በአምላኩ መካከል ብቻ አያልቅም። የሰው ገንዘብ የወሰደ ሳይመልስ፣ ጎረቤቱን ያስቀየመ ሳይታረቅ ወደ ሥጋ ወደሙ መቅረብ አይገባውም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባ ከማቅረብ በፊት ከወንድም መታረቅ ታዟል፤ በቅዳሴም ዲያቆኑ ከቁርባኑ በፊት ምእመናን እርስ በርስ ሰላምታ እንዲሰጣጡ ያውጃል። ቂም የያዘ ሰው ዓይኑን የሚሰብረው እዚያ ላይ ነው።

በስቅለት ዕለት የቀኑ ስግደት ሲያበቃ ምእመናን በካህናቱ ፊት ተሰልፈው ይቀርባሉ። ካህኑ ጀርባቸውን በወይራ ዝንጣፊ ጠብ ጠብ እያደረገ ተጨማሪ የሚሰግዱትን ቁጥር ይነግራቸዋል። ስግደቱ ጉልበት ቢያደክምም ከባለጋራ ደጅ ከመቆም ይቀላል፤ በመንፈሳዊ ሕይወት ማደግም ይበልጥ የሚለካው በሁለተኛው ነው።

በደቡብ ወሎ፣ በኩታበርም ሆነ በደሴ ዙሪያ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶና ተዛምዶ ስለሚኖር እርቅ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይወሰንም። ደም ሲፈስ ሽማግሌዎችና አበጋር የሚባሉ አስታራቂዎች በሁለቱ ወገን መካከል ይመላለሳሉ። የሟች ወገን እሺ እስኪል ደጋግሞ መለመን፣ ካሳ መቁረጥ፣ በመጨረሻም አብሮ መብላት የሥርዓቱ ክፍሎች ናቸው። የተበደለው ሰው «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለው ሳይገደድ መሆን አለበት፤ ተገዶ ያለው ደም አያደርቅም።

ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቦሩ ሜዳ የዚህን ተቃራኒ ታስታውሳለች። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ጉባኤ ጠርተው ቅባትና ጸጋ በተባሉ ትምህርቶች የተነሣውን የቆየ ክርክር ለተዋሕዶ ፈረዱ። የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘ። በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ኢማም መሐመድ ዓሊ ክርስትና የተነሡት ያን ጊዜ ነው። ክርክሩ በአዋጅ ተዘጋ፤ በአዋጅ የተጠመቀው ሕዝብ ልብ ግን ለአዋጅ አልታዘዘም፤ ብዙዎች ሸፈቱ፣ ተሰደዱ። ሃይማኖትን ማጽናት ቢቻልም እርቅን ማዘዝ አይቻልም።

በዘመናችን ያለው የእርቅ ምሳሌ በአገር ቤትና በስደት የነበሩት የሁለቱ ሲኖዶሶች ነው። ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተነሥተው ከተሰደዱ በኋላ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተከፍላ ቆይታ፣ አባቶች በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ተገናኝተው የተወጋገዙበትን ውግዘት አነሡ። አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በአገር ቤት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ በአስተዳደሩ፣ እርሳቸው በጸሎትና በቡራኬ እንዲያገለግሉ፣ የሁለቱም ስም በጸሎት እንዲጠራ ተስማሙ። አቡነ መርቆሬዎስ በየካቲት 2014 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ሁለቱ ፓትርያርኮች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ኖሩ።