ማኅተሙን መልሱ

መታመም ኃጢአት አይደለም። አባት ይደክማል፣ ይታመማል፣ ያርፋል፤ የሥጋ ግብር ነው። ኃጢአቱ የሚሠራው በአልጋው ዙሪያ ነውና አስቀድሜ የምገሥጸው በአልጋው ዙሪያ የቆማችሁትን ነው።

«አባታችን ደኅና ናቸው፤ ትንሽ ድካም ነው» እያላችሁ በር የምትዘጉ፣ የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ደግፋችሁ ያላነበቡትን ደብዳቤ የምታስፈርሙ፣ በማኅተማቸው ዘመድ የምትቀጥሩና የጠላችሁትን ካህን ከደብሩ የምታፈናቅሉ፣ የካህኑን የዔሊን ቤት አስቡ። ዔሊ ዓይኑ ፈዘዘ። ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ የመሥዋዕቱን ሥጋ በሜንጦ ከድስት እያወጡ በሉ፤ ሕዝቡም መሥዋዕቱን ናቀ። ዔሊ ነገሩን ሰምቶ ተናግሯቸዋል፤ ከሥራው ግን አላነሣቸውም። ልጆቹ በጦርነት ወደቁ፣ ታቦቱ ተማረከ፣ ሽማግሌውም በ98 ዓመቱ ከወንበሩ ወደ ኋላ ወድቆ ሞተ። እናንተ ከአፍኒንና ከፊንሐስ በምን ትሻላላችሁ? እነርሱ ሥጋ ሰረቁ፤ እናንተ የአባታችሁን ስም ትሰርቃላችሁ።

በሌላው ወገን የቆማችሁም አትሳቁ። እናንተ የሰው ወንበር ስትመኙ «ታመዋል» የምትሉ ናችሁ፤ ይህች ቃል ምን እንደምታስከፍል ቤተ ክርስቲያናችን አይታለች። አቡነ መርቆሬዎስ በ1980 ዓ.ም. አራተኛው ፓትርያርክ ሆኑ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ ከጥቂት ወራት በኋላ ከመንበራቸው ወረዱ። ለሕዝብ የተነገረው ምክንያት ሕመም ነው፤ እርሳቸው ግን ተገድጄ ነው አሉ። በሐምሌ 1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ። አቡነ መርቆሬዎስ በኬንያ በኩል ተሰደው አሜሪካ ገቡ፤ በስደት ሌላ ሲኖዶስ ቆመ፤ ጳጳስ ጳጳስን አወገዘ። ከአዊ ተነሥቶ አሜሪካ የገባ ልጅ፣ እናቱ ጥሊሊ ስታስቀድስ የምትሰማው የፓትርያርክ ስም ሌላ፣ እርሱ በስደተኛው ሲኖዶስ አጥቢያ የሚሰማው ሌላ ሆነ። ልጅና እናት በአንድ ቅዳሴ እንዳይገናኙ ያደረገ ምን ዓይነት ሕመም ነው?

«ታመዋል» የተባሉት አባት ያረፉት በየካቲት 2014 ዓ.ም. ነው። ከመንበራቸው ከወረዱ በኋላ 30 ዓመት ኖሩ። በእግራቸው የተተኩት አቡነ ጳውሎስ እንኳ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ቀድመዋቸው አረፉ።

የሁለቱ ሲኖዶሶች ዕርቅ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ወረደ። ውሳኔው አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ፣ ከአቡነ ጳውሎስ በኋላ የተመረጡት አቡነ ማትያስ በአስተዳደር ያገልግሉ፤ የሁለቱም ስም በቅዳሴ ይጠራ የሚል ነበር። በዕርቁ እንደማንም ደስ ብሎኛል፤ ውሳኔው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አባትነቱ ሳይነካ የአስተዳደሩን ሸክም ለሌላ መስጠት የሚቻል ከሆነ፣ አባት በእውነት ታመው ቢሆን በ1983 ይህንኑ ማድረግ ማን ከለከለ? የመጀመሪያው ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ በስተርጅና ሲደክሙ የእኛው የጎጃሙ፣ የደብረ ኤልያሱ ተወላጅ አቡነ ቴዎፍሎስ ሥራውን ሠርተውላቸዋል፤ መንበሩም አልተከፈለም። መንገዱ ከፊታችሁ ነበር። በዚያ ክፉ ሥራ እጃችሁ የነበረ፣ ዛሬም በሕይወት ያላችሁ፣ በዕርቁ እልልታ ውስጥ አትደበቁ። ዕርቅ የእናንተን ንስሐ አይተካም።

ብፁዓን አባቶች፣ በእግራችሁ ሥር ሆኜ ለእናንተም እናገራለሁ። ፓትርያርክ እስከ ዕለተ ሞቱ አባት ነው የሚለውን ሥርዓት አከብራለሁ። አባትነቱ እስከ ሞት ይሁን፤ ማኅተሙ ግን ለምን? የሮማው ፓፓ ቤኔዲክቶስ 16ኛ የካቲት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ጉልበቴ ለዚህ አገልግሎት አልበቃም ብለው በገዛ አንደበታቸው ተናገሩ፤ በዚያ መንበር ለ600 ዓመት ገደማ ያልታየ ነገር ነው። ሥራቸውን የለቀቁባት የካቲት 21 እኛ አዲስ አበባ ላይ አቡነ ማትያስን የመረጥንባት ዕለት ናት። ከቤኔዲክቶስ በፊት የነበሩት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ደግሞ ዓለም ሁሉ እያየ፣ እየተንቀጠቀጡ እስከ ሞት ቆዩ። የሮማ ሥርዓት ለእኛ ሕግ አይደለም፤ ሁለቱንም አባቶች ግን አከብራለሁ። የማላከብረው ሳይቆዩም ሳይለቁም መኖርን ነው፤ በመንበሩ ስማችሁ ተቀምጦ በስማችሁ ሌላ ሰው ሲገዛ ዝም ማለትን ነው። ድካማችሁን በሲኖዶስ ፊት ራሳችሁ ተናገሩ፤ እንደራሴያችሁም በሲኖዶስ ፊት ይሰየም እንጂ ጓዳ ውስጥ አይሾም። ዔሊ የተፈረደበት በማርጀቱ ሳይሆን እያወቀ በመተዉ ነው።

ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ነገር መስሏችሁ የምትሰሙ የጥሊሊ ሰዎች፣ የጓጉሳ ሽኩዳድ ምእመናን፣ ወደ እናንተ መጣሁ። በየገጠሩ አጥቢያ የታመመ አለቃ ወይም ቄስ አለ። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልኡካን ይሻል፤ ጾሞ መቆምን ይሻል። ስኳር የያዘው፣ ጉልበቱን ቁርጥማት ያሰረው ካህን በዚህ ብርድ ሌሊት ተነሥቶ እንዴት ይቁም? ልቅር እንዳይል፣ ከአገልግሎት የቀረ ካህን ደመወዙም ከበሬታውም እንደሚቀርበት ያውቃል። እኛ ነን በሐሰት እንዲቆም ያስገደድነው። ልጆቻችንን ክርስትና ያነሣ፣ ያጋባን፣ ሙታናችንን የፈታ ሰው ሲታመም ስለ ምትኩ እንጂ ስለ እራቱ ተነጋግረን እናውቃለን? የታመመ ካህኑን የሚጥል ሕዝብ፣ መሪዎቹ ወንበር የሙጥኝ አሉ ብሎ ሊከስ አይችልም። በየሰንበቴው ጠላ እየጠጣን የጳጳሳትን ጤና እናማለን፤ ከበራችን ስላለው አዛውንት ቄስ ግን ከንፈር መጥጠን እናልፋለን። ይህም ንስሐ ይሻል።

የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ ሥራው ከእናንተ ይጀምራል። የታመመ ካህን ስለ ደመወዙ ሳይጨነቅ እንዲያርፍ፣ እስኪሞት ድረስ ቀለቡ እንዳይቋረጥ፣ አለቃው ሲታመሙ ማኅተሙና የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚቆይ፣ በመጀመሪያው ስብሰባችሁ ወስኑና በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። ይህን ሳታደርጉ ስለ ፓትርያርክ መልቀቅ አለመልቀቅ አትከራከሩ።