ከርብራቡ አትውረዱ

ከዴንቨርም ሆነ ከሲያትል፣ በዚህ በጋ ቤተሰባችሁን በመኪና ይዛችሁ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክን ለማየት ላሰባችሁ ሁሉ አንድ ምክር አለኝ። ስለ ስንቁና ስለ ማደሪያው ሌላ ሰው ይምከራችሁ። የእኔ ምክር ስለ እግራችሁ ነው፤ በፍል ውኃዎቹ ዙሪያ ከተዘረጋው የእንጨት ርብራብ እንዳትወርዱ።

እኛ ፍል ውኃን የምናውቀው በመታጠቢያነቱ ነው። አዲስ አበባ ፍልውኃ፣ ሶደሬ፣ ወንዶ ገነት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ፎጣና ሳሙና ነው፤ አዛውንቶቻችንም የወገብና የጉልበት ሕመማቸውን የሚያስታግሱት እዚያው ነው። ይህን ልማድ ይዞ የሄደ ሰው እጁን ነከር ማድረግ ቢያምረው አይፈረድበትም። የየሎውስቶን ውኃ ግን ለገላ አይሆንም። ቦታው ከፍታው ከ2,000 ሜትር ስለሚበልጥ ውኃ በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል፤ ከፍል ውኃዎቹም ብዙዎቹ ከዚህ እምብዛም አይርቁም። በዳር በዳሩ ጠንካራ መሬት መስሎ የሚታየው ነጭ ቅርፊት ቦታ ቦታው ላይ ስስ ነው፤ ከሥሩ የሚፈላ ውኃ አለ። ፓርኩ በ1872 ከተመሠረተ ወዲህ በዚህ ውኃ ተቃጥለው የሞቱት ሰዎች ከ20 ይበልጣሉ። በ2016 ኖሪስ በሚባለው ስፍራ የሚነከርበት ጉድጓድ ፍለጋ ከርብራቡ የወጣ ወጣት ፍል ውኃ ውስጥ ወደቀ፤ በማግስቱ ሊያወጡት የሄዱት ሰዎች ከአካሉ ያገኙት ነገር አልነበረም።

«ብሞት የምሞተው እኔ ነኝ» የሚል አይጠፋም። እሺ ይሁን፤ ከእግሩ ሥር ያለውስ? ግራንድ ፕሪዝማቲክ የሚባለው፣ በአሜሪካ በስፋቱ አንደኛ የሆነው ፍል ውኃ፣ ከዳር እስከ ዳር 110 ሜትር ያህል ነው። መሐሉ ሰማያዊ የሆነው ውኃው ጥልቅና ጥርት ያለ ስለሆነ ነው፤ ከሙቀቱ የተነሣ እዚያ ምንም አይበቅልም። ወደ ዳር እየቀዘቀዘ ሲሄድ የሚታየው ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀላ ያለ ቀለም ግን ነፍስ ያለው ነው፤ እያንዳንዱ በሚስማማው ሙቀት ልክ ቦታ ቦታውን የያዘ የባክቴሪያ ምንጣፍ። ጫማ ሲያርፍበት ይቀደዳል። ቶማስ ብሮክ የተባለው ተመራማሪ በ1960ዎቹ በዚሁ ፓርክ ካለ ሌላ ፍል ውኃ የለየው ባክቴሪያ ሙቀት የሚችል ኢንዛይም ተገኘበት፤ ፒሲአር የተባለው ምርመራ የተስፋፋው በዚያ ኢንዛይም ነው። በኮቪድ ጊዜ አፍንጫችንን ሰጥተን ውጤት የጠበቅን ሁሉ ለዚያ ጉድጓድ ውለታ አለብን ማለት ነው።

ሳንቲም መወርወርም እንደ መርገጥ ያበላሻል። ሞርኒንግ ግሎሪ የተባለው ጉድጓድ በስሙ እንደሚጠራበት አበባ ሰማያዊ ነበር። ጎብኚ ሳንቲምና ቆሻሻ ሲጥልበት የውኃው መውጫ እየተደፈነ፣ ሙቀቱ እየወረደ ሄደ፤ የዳሩ ቢጫም ወደ መሐል ገባበት። በ1950 ሠራተኞቹ ውኃው እንዲገነፍል ቢያደርጉት ከሳንቲሙ ጋር መሐረብ፣ ካልሲና ፎጣ ተፋ። ያም ሆኖ ሰማያዊነቱ እንደ ድሮው አልተመለሰም።

ፎቶ አታንሡ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። እንዲያውም ለፎቶ ብሎ ወደ ውኃው የሚጠጋ ሰው የሚያገኘው እንፋሎት ብቻ ነው። የግራንድ ፕሪዝማቲክ መልክ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ከላይ ነው፤ ለዚህም በ2017 ከፌሪ ፎልስ መኪና ማቆሚያ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚደረስበት መመልከቻ ተከፍቷል። ፎቶ አንሺዎች ማለዳን ይወዳሉ፤ እዚህ ግን የማለዳው ብርድ እንፋሎቱን ያበዛዋል፣ ቀለሙም ይሸፈናል። ፀሐይ ከፍ እስክትል ጠብቁ። ነጸብራቅ የሚቀንስ የፀሐይ መነጽር ካላችሁ የስልካችሁ ካሜራ ፊት ያዙት፤ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። የእንፋሎቱ ጠብታ ሌንሱ ላይ ሳይደርቅ ጥረጉት፤ ማዕድኑ ከደረቀ በኋላ አይለቅም። ድሮን ክልክል ነው፤ በ2014 አንዱ እዚያው ግራንድ ፕሪዝማቲክ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

ሕፃናትን ርብራቡ ላይ እጃቸውን ያዙ፤ ብዙ ቦታ መደገፊያ የለውም። ጎሽ መንገድ ላይ ብትገጥማችሁ ቢያንስ 23 ሜትር ራቁ። ነፋሱ ባርኔጣችሁን ነጥቆ ቀለሙ ላይ ቢጥለውም ተዉት፤ ሠራተኞቹ ረጅም መልቀሚያ አላቸው።