ቀሪ ብለን የጻፍናቸው

ወገኖቼ ሆይ፣ ልባችን ደንድኗል። ልጆቻችን ዩኒፎርም ለብሰው ከቤት ሲወጡ እናያለን፤ ከትምህርት ቤቱ በር ሳይደርሱ አውልቀው በቦርሳቸው እንደሚከቱትም እናውቃለን። «ፎርፎ ነው» ብለን ስቀን እናልፋለን።

እኔ መምህሩ ስም ጠርቼ «ቀሪ» ብዬ መዝገቤን ስዘጋ፣ ዘበኛው አጥር የዘለለውን አይቶ እንዳላየ ሲሆን፣ ባለሱቁ ሲጋራ በፍሬ ሲቸረችርለት፣ የበርጫ ቤቱ ባለቤት መጋረጃ ሲጋርድለት፣ የውርርድ ቤቱ ዕድሜውን ሳይጠይቅ ቲኬት ሲቆርጥለት፣ ግሮሰሪው ለጨብሲ ቢራ ሲከፍትለት፣ አባት ከኪሱ የጎደለውን ብር ከእናት ሲሰውር፣ እናት የተሸጠውን ስልክ «ጠፋበት» ብላ ከአባት ስትሸፍን፣ ጎረቤትም በሰው ልጅ ምን አገባኝ ብሎ ፊቱን ሲመልስ፣ ሁላችንም ከጥፋቱ አንዲት ቅንጣት ብቻ ያየን መሰለን። ዝም አልን። አንዳንዶቻችንም አተረፍንበት።

አንድ ቀን የፎረፈ ሁሉ ለእስር አይዳረግም፤ እኔም በልጅነቴ ፎርፌ ወንዝ ወርጃለሁ። ጥፋት ግን ብቻዋን አትውልም። ጫቱ ምርቃናን፣ ምርቃናው ጨብሲን፣ ጨብሲው ገንዘብን ይጠራል፤ ገንዘቡ በውርርድ ሲያልቅ እጅ ወደ ሰው ኪስ ይዘረጋል። ይህ ሁሉ በአንድ ቤት፣ በእነዚያው ባልንጀሮች መካከል፣ እኩዮቹ በሚማሩበት ሰዓት ነው። ፖሊስ እጅ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ እንዲህ የተደራረበበት ልጅ ነው።

ሕግ አልጎደለንም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥና ሲጋራ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ሺሻንም አግዷል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን አጥፊ ለይቶ ያያል፤ 15 ዓመት ያለፈውን ግን፣ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ቢችልም፣ በመደበኛው ድንጋጌ ይዳኘዋል። የአሥረኛ ክፍሉ ልጃችን እዚያ ዕድሜ ላይ ነው። እኛ የምንነቃው ጣቢያ በር ላይ ነጠላ አዘቅዝቀን፣ «ጓደኛ አበላሸብን» ስንል ነው።

ካህኑ ዔሊ የልጆቹን በደል ሰምቶ ገሠጻቸው፤ አልከለከላቸውም፤ ቤቱም ፈረሰ። እኛ ተግሣጹን እንኳ ነፈግናቸው።

ንስሐ እንግባ! ባለሱቁ ሲጋራውን ያንሣ፤ ባልና ሚስት የተደባበቁትን ይናዘዙ፤ ጎረቤት አፉን ይክፈት። እኔም መዝገቤን ልግለጥ። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ቀሪ» ያልሁት አንድ ልጅ አለ። ቤቱ የት እንደሆነ አላውቅም።