ካርታውን ከመስቀላችሁ በፊት

ልጆቼ፣ አዲስ አበባ ያላችሁት የአባታችሁን ማሳ ካርታ አስፋፍታችሁ ሳሎን ልትሰቅሉ እንዳሰባችሁ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። አሜሪካኖች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በየማሳው ላይ የባለቤቱ ስም የተጻፈበት የአውራጃ ካርታ ያሳትሙ ነበር፤ ዛሬ የዚያ ቅጂ በፍሬም ሆኖ ለግድግዳ ጌጥ ይሸጣል። እዚያ ላይ የቅድመ አያቱን ስም ያገኘ ሰው ለልጁ የሚያሳየው ነገር አለው። የእናንተ ካርታ ግን መስመርና ቁጥር እንጂ ስም የለበትም። ምክሬ እዚህ ላይ ነው።

በአገራችን በመንዝም በግሼም ርስት የሚገኘው አቅኚ አባት ተቆጥሮ ነበር። መሬት ጠያቂው በአባቱም በእናቱም ወገን ትውልዱን እስከ አቅኚው ድረስ ይቆጥር ነበር፤ አዋቂ ሽማግሌም ሰምቶ ያጸና ወይም ይከራከር ነበር። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር የምንላቸው አገሮች በአባቶች ትውፊት በአቅኚዎቹ ስም የተጠሩ ናቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። በየአገሩ ለነበረው ጭሰኛ ትልቅ ቀን ነበር፤ ይህን ማንም አይክደውም። ለእኛ ግን ትውልድ መቁጠር መሬት ማስገኘቱ ሲቀር፣ ለልጅ ማስተማሩም አብሮ ቀረ።

በ1990ዎቹ አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር መጣ። የባልና የሚስት ፎቶግራፍ አለበት፤ አዋሳኞቹም በአራቱም አቅጣጫ በስም ተጽፈዋል፤ ካርታ ግን አልነበረውም። ካርታው የመጣው በሁለተኛው ደረጃ ማረጋገጫ ነው። በቀበሌው ኮሚቴ ስለነበርኩ አይቼዋለሁ፦ ከአየር የተነሣው ፎቶ ሜዳ ላይ ይዘረጋል፣ ገበሬው ከአዋሳኙ ጋር ጎንበስ ብሎ ድንበሩን በጣቱ ያሳያል፣ ባለሙያው ያሰምራል። አንድ ቦታ የባሕር ዛፍ ጥላ ድንበሩን ሸፍኖት ሁለቱ ጎረቤታሞች አፈሩን ጭረው የተቀበረውን የወሰን ድንጋይ አወጡልን። ያ ድንጋይ የት እንዳለ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

ስለዚህ ዋናውን ማረጋገጫ አትስቀሉ። ውርስም ሆነ ኪራይ ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነውና ከኩበት ጭስ ርቆ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። የካርታውን ቅጂ አስፋፍታችሁ ለገና ስትመጡ ይዛችሁት ኑ፤ ያኔ ገብሱ ታጭዶ ድንበሩ ይታያል። በእግር እየዞራችሁ በእርሳስ ጻፉበት፦ ማሳው ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ከማን ለማን እንደተላለፈ፣ ማን የእኩል እንዳረሰው፣ ድንጋዩ የት እንዳለ። እናቶችንም ጠይቁ። ዛሬ ወንዱ ብዙ ጊዜ የአባቱን ወገን ብቻ ቆጥሮ ያቆማል፤ ግማሹ ርስት በሴት የመጣ መሆኑን የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

የጋራውን የጓሳ ሣር ምድር አትርሱ። የማንም የግል ማሳ ስላልሆነ በካርታችሁ ውስጥ አይገኝም፤ የቤታችን ክዳን ሣር ግን ከዚያ ነበር። ቄሮ በሚባለው የጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ቀን ተቆርጦ ለአጨዳ ይከፈት ነበር፤ ባለመብቶቹም የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ልጆች ነበሩ። ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ በካርታው ኅዳግ ላይ አስፍሩ።

ከማሳተማችሁ በፊት ደግሞ ረቂቁን እዚህ ለሚያርሰው ወንድማችሁ አንብቡለት። ስም ቢሳሳት፣ ማሳ ቢቀያየር ቶሎ የሚያውቀው እሱ ነው። ሲታተምም አንዱን ቅጂ ለእሱ ላኩለት።