ሽፋኑ ለልጁ የተሰጠ ቃል ነው

ልጄ፣ የልጆች ቪዲዮ ሽፋን መሥራት ጀምረሽ ምክሬን መፈለግሽ ደስ አሰኝቶኛል። እኔ ይህን ሥራ የያዝኩት በቪሲዲ ዘመን ነው። ተቀጣሪ አልነበርኩም፤ በየአከፋፋዩ ደጅ እየዞርኩ፣ በሥራዬ ልክ እየተከፈለኝ ኖርኩበት። ቪሲዲው ዛሬ ከገበያ ወጥቷል፤ ሥራው ግን ዩቲዩብ ላይ ቀጥሏልና የማውቀውን ልንገርሽ።

አባቶች «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። ሽፋን የቪዲዮው ፊት ነው። ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን ርዕሱን አያይም፤ የሚመርጠው በፊት፣ በዓይንና በቀለም ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ የምትሥዪው ሁሉ ውስጡ መገኘት አለበት። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ፕሮግራም የሚወድ ልጅ የሚፈልገው ቀጭኔዋን አሻንጉሊት ነው፤ ሽፋኑ ላይ ካያት ውስጥም ይጠብቃታል። በእኔ ጊዜ ቪዲዮው ውስጥ የሌለ ታዋቂ የውጭ አገር ካርቱን ሽፋኑ ላይ እንድሥል የጠየቀኝ ነጋዴ ነበር፤ ምክንያቱ «ይሸጣል» ነው። እምቢ አልኩ። መሸጡንማ ይሸጥ ይሆናል፤ ቤት ሲከፈት ግን ማሞ ሌላ መታወቂያው ሌላ ይሆናል። በዚያ ላይ የሰው ፈጠራ መስረቅ ነው።

ፊደሉን በተለይ ተጠንቀቂለት። ልጅ «ቤ»ን ከ«ቢ» የሚለየው በእግሯ ሥር ባለችው ትንሽ ቀለበት ነው። ለጌጥ ብለሽ ዙሪያውን በወፍራም መስመር ስትከቢው ቀለበቷ ትደፈናለች፤ ፊደል የሚያስተምር ቪዲዮ ሽፋኑ ላይ ያሳስታል። ርዕሱን አሳጥሪ፣ ፊደሉን አስፊ፣ ከዚያ አሳንሰሽ ራቅ ብለሽ እዪው።

የሚያርፍበትንም ቦታ እወቂ። የቪሲዲው ሽፋን 12 ሴንቲ ሜትር በ12 ነበር። ስክሪን በብርሃን ይሠራል፣ ማተሚያ ቤት በቀለም፤ ኮምፒውተር ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። ለዚህ ነው ሁሉ ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና አሳትሜ አይ የነበረው። በየጎኑም ለመቁረጫው 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ እተው ነበር። ያንቺ የዩቲዩብ ሽፋን (ታምብኔል) ደግሞ በተለምዶ 1280 በ720 ፒክስል ነው፤ ስልክ ላይ በጣም ያንሳል። ቀኝ ታችኛው ጥግ ላይ የቪዲዮው ርዝመት ስለሚጻፍበት ፊትም ፊደልም አታስቀምጪበት። «ለነገ ጠዋት አድርሺልኝ» የሚልሽ ይበዛል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ቪዲዮውን ሳታዪ ሽፋኑን አትጀምሪ።

አሁን ወደ ውሉ ልምጣ፤ ብዙ ሠዓሊ የሚጎዳው እዚህ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተለየ ስምምነት ከሌለ በትእዛዝ የተሠራን ሥራ ባለቤትነት ለአሠሪው ይሰጣል። ስለዚህ ሥዕልሽ ነገ በቦርሳ፣ በደብተርና በቲሸርት ላይ ቢወጣ እንዲከፈልሽ ከፈለግሽ፣ እርሳስ ከማንሳትሽ በፊት አስጽፊው። ለምን እንደሚውል፣ ስንት ጊዜ እንደምታርሚ፣ ቀብዱ ስንት እንደሆነ ይጻፍ። የሠራሽው አንቺ መሆንሽን የማሳወቅ መብት ግን የገንዘብ መብቱ የማንም ቢሆን ያንቺ ነው። አንድ ጥግ ላይ በትንሹም ቢሆን ስምሽን አኑሪ፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።

«የልጆች ነው፣ ቀላል ነው» ብሎ ዋጋሽን የሚያራክስ ይመጣል። አትስሚው። አዋቂ ቢታለል ይጠይቃል፣ ገንዘቤን መልስ ይላል፤ ሕፃን ይህ አቅም የለውም፤ ያመነው ሥዕሉን የሠራውን ሰው ነው። እንግዲህ ልጄ፣ ሕፃንን የሚያታልል ሥዕል በምንም ዋጋ አትሥሪ፤ የሚያኮራሽን ስትሠሪም ያለ ውል አታስረክቢ።