ፍጥነትና ችኮላ

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ አበው። ይሁንና ፈጥኖ መሥራት ሁሉ ችኮላ ነውን? ይህን ለመመርመር አንድ የሕክምና ጉዳይ እንመልከት።

የልብ ጡንቻ ክሮች ከግድግዳው ውስጠኛ ገጽ ወደ ውጪኛው አቅጣጫቸውን ቀስ በቀስ እየለወጡ ይሄዳሉ፤ ልብም ራሱን እንደ እርጥብ ልብስ ጠምዝዞ ደሙን የሚገፋው በዚህ ሥርዓት ነው። ኤም.አር.አይ. የተባለው መሣሪያ በጡንቻው ያለው ውሃ በየት በኩል በቀላሉ እንደሚንቀሳቀስ ለክቶ የክሮቹን አቅጣጫ ያሳያል። ዳሩ ግን ልብ አይቆምም። ስለዚህ ምስሉ ከብዙ ምት ተለቃቅሞ ይሠራል፤ ሕመምተኛውም ብዙውን ጊዜ ደጋግሞ ትንፋሹን እንዲይዝ ይጠየቃል።

ይህ ምርመራ በዓለምም ቢሆን ገና ከምርምር ብዙ አልራቀም። ነገር ግን ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ለልብ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሰውን ሰው እናስብ። ጥቂት መራመድ የሚያደክመው እንዴት ትንፋሹን ደጋግሞ ይይዛል? እንግዲህ ምርመራውን ማፋጠን የምሕረት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤልን ሽልማት ከፖል ሎተርበር ጋር የተካፈሉት ፒተር ማንስፊልድ እጅግ ፈጣን የምስል ዘዴ ቀይሰዋል። ዛሬ ደግሞ ጥቂቱን ለክቶ የቀረውን በኮምፒዩተር ስሌት መሙላት ተችሏል።

ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ ያልተለካውን እንደ ተለካ ማሳየት ሐሰት አይሆንምን? ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ችኮላን ከማስተዋል ጉድለቶች ይቆጥረዋል፤ ይኸውም በየደረጃው መውረድ ሲገባ ዘሎ እንደ መውደቅ ነው። ስለሆነም ክፋቱ ፈጥኖ በመድረስ ሳይሆን ደረጃውን በመዝለል ነው። ስሌቱ በዝግታ ከተነሣ ምስል ጋር ከተመሳከረ፣ ሐኪሙም የተለካውን ከተገመተው ለይቶ ካወቀ፣ ሥራው ፍጥነት ነው። ይህ ከጎደለ ችኮላ ነው። የጤነኞችን ልብ ብቻ አይቶ የተማረ ስሌት የታመመውን ልብ ጤነኛ አስመስሎ ሊሞላው ይችላል፤ ጉዳቱንም የሚሸከመው በመሣሪያው ውስጥ የተኛው ድኻ ነው።

እኛስ? ጎረቤታችን ሁለት እሑድ ከቅዳሴ ሲቀር የቀረውን ታሪክ በግምት ሞልተን እንፈርድበታለን። ምናልባት ታሞ ተኝቶ ይሆናል። ከመሣሪያ የምንጠብቀውን እውነተኛነት ከራሳችንም እንጠብቅ፤ ያየነውን አየን፣ የገመትነውን ገመትን እንበል። መፍጠን የሚገባን ሄደን ለመጠየቅ ነው።